«ጣይ» ስለሚለው ቃልና «ጣይቱ» ስለሚለው ስም

ከባላገር የመጣች ሞግዚት ሕፃኑን በማለዳ ወደ ደጅ አውጥታ «ጣይ ላሙቀው» ስትል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። የቤቱ ልጆች መጽሐፋቸው «ፀሐይ» ስለሚል በአነጋገሯ ይሥቃሉ። እኛ ግን ይህ ቃል የሚሣቅበት ሳይሆን በቤተ መንግሥት ውስጥ እንኳ የከበረ ቃል መሆኑን፥ ይልቁንም በሰው ስም ላይ ሲገባ እስከ ዛሬ ድረስ ጉዳይ የሚያስነሣ መሆኑን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

በጎንደር፥ በጎጃምና በወሎ ባላገር ጣይ ማለት ፀሐይ ማለት ነው። ጣይ ወጣች፥ ጣይ ከረረች፥ ጣይ ጠለቀች ይባላል። ብቅሉና በርበሬው ጣይ ላይ ይሰጣል፤ መንገደኛውም ጣይ እስኪበርድለት ድረስ ከዋርካ ጥላ ሥር ያርፋል። ከዚህ ሌላ አማርኛችን ጀምበር የሚል ቃል አለው፤ ሁለቱ ግን በአገልግሎታቸው ይለያያሉ። ጣይ በተለይ ስለ ሙቀቷና ስለ ብርሃኗ ይነገራል፤ ጀምበር ግን የቀኑ መለኪያ ጭምር ናት። ስለዚህ ሥራው «በአንድ ጀምበር አለቀ» ይባላል እንጂ «በአንድ ጣይ አለቀ» የሚል ሰው የለም፤ እንዲሁም ብቅሏን ጀምበር ላይ አሰጣሁ የምትል ጠማቂ አትገኝም።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ጣይ ማለት ፀሐይ የሚለው ቃል ተበላሽቶ የተነገረ ነው ይላሉ። ነገሩን አስተውለን ብንመለከተው ግን ብልሽት ሳይሆን የአማርኛ የቆየ ሥርዓት ሆኖ እናገኘዋለን። ግእዝ በጸ የሚናገረውን አማርኛ ብዙውን ጊዜ ወደ ጠ ያዞረዋል። ጽላሎት የተባለው ጥላ፥ ጽፍር የተባለው ጥፍር፥ ጽሕም የተባለው ጢም፥ ጸብሐ የተባለው ጠባ ሆነ። ጾምንም ጦም የሚለው ሕዝብ ጥቂት አይደለም። ፀሐይም በዚሁ መንገድ ሄዶ፥ በመካከል ያለው ሐ ላልቶ ሲጠፋ፥ ጣይ ሆነ። እንግዲህ ጥላን ጽላሎት፥ ጥፍርንም ጽፍር ብለህ ጻፍ የሚል መምህር ሳይኖር ጣይን ብቻ ለይቶ ማረም ምን ይባላል? ጠጉር እንኳ ባባቶቻችን አነጋገር የተለመደ ሲሆን፥ ዛሬ በጽሑፍ ላይ ወደ ጸጉር ተመልሶ ሲሄድ እናያለን።

ከዚህ ቃል የወጣው የታወቀ ስም ጣይቱ ነው። በአማርኛ ፀሐይ በሴት አንቀጽ ስለምትነገር፥ ሴቲቱ፥ ልጂቱ፥ ምድሪቱ እንደምንል ጣይቱ ማለት ያቺ የምናውቃት ፀሐይ ማለት ነው። እቴጌ ጣይቱ ብጡል የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበረ፤ የታወቁት ግን በዚሁ በዓለም ስማቸው ነው። በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ በማኅተማቸው ላይ የነበረው ቃል «እቴጌ ጣይቱ ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚል ነው። የመዐርጉ ቃል በግእዝ ሲጻፍ ስሙ ግን እንደ ባላገሩ አነጋገር ጣይቱ ተብሎ ቀረ። የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የግእዝ ሊቃውንት ስለ ነበሩ ፀሐይቱ ብሎ መጻፍ አያቅታቸውም ነበር፤ ነገር ግን ስም ወላጅ እንዳወጣው ይጠራል እንጂ ጸሐፊ እንደ ወደደው አይደለም።

አሁን ደግሞ ስም በቤተ ሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት። በፈረንጅ አገር አንድ የቤት ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል። በእኛ ግን የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል። የእቴጌ ጣይቱ አባት ብጡል ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡል ናቸው፤ በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የሞቱት የወንድማቸው ልጅ ግን ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። ልማዳችንን የማያውቅ ሰው ጣይቱ ብጡልና ጉግሣ ወሌ የሚሉትን ሁለት ስሞች ቢያይ አክስትና የወንድም ልጅ መሆናቸውን ከምን ይረዳዋል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የቀድሞ ልማዱን አልተወም።

ይህ ልማድ ለዘር ቈጣሪ ቢያስቸግርም የራሱ የሆነ ጣዕም አለው። የልጁ ስም ካባቱ ስም ጋራ ሲነበብ አንዳንድ ጊዜ ሙሉ ነገር ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የሕግ ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳትመው የነበሩት ሊቅ ስማቸው አበራ ጀምበሬ ነው። ጀምበሬ ማለት ፀሐዬ ማለት ስለ ሆነ፥ ሁለቱ ስሞች በአንድነት ሲጠሩ «ፀሐዬ አበራ» የሚል ቃል ይሰማል። የቤት ስም በማይለወጥበት አገር እንዲህ ያለ ነገር በየትውልዱ አዲስ ሆኖ ሊገኝ አይችልም።

ስለዚህ አንዲት ፊደል መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። እናቷ ጣይቱ ብላ የጠራቻትን ልጅ የትምህርት ቤት ጸሐፊ «ትክክለኛው ፀሐይቱ ነው» ብሎ ቢመዘግባት፥ ልጂቱ አድጋ ርስት በምትካፈልበት ቀን በኑዛዜው ላይ ያለችው ጣይቱና በትምህርት ወረቀቱ ላይ ያለችው ፀሐይቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በምስክር ለማስረዳት ትገደዳለች። ጣይቱ የሚለው የአባቷ እናት ስም ከሆነም፥ መታሰቢያነቱ ከመዝገብ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ነገሩ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል፤ ጣና ታ በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ፥ ከጣይ የወጣው ጣይቱና ማየት ከሚለው ግሥ የወጣው ታየ ዘመዳሞች መስለው ይታያሉ።

የልደት መዝገብ የሚይዙ ሹማምንት ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት እናቲቱን «ስሟን እንዴት ብለሽ ትጠሪያታለሽ?» ብለው ቢጠይቁ፥ የሰሙትንም እንደ ሰሙት ቢጽፉ መልካም ነው። ጠያቂው ከተማ ያደገ፥ እናቲቱም ባላገር እንደ ሆነች፥ ስሙን ሁለት ጊዜ ደግማ እንድትናገር ማድረግ ይገባል።