ከሶኮትራ ደመና እስከ ወሎ ማሳ

ማታ ማታ የምሠራው እዚህ ነታንያ፣ ሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የሳተላይት ምስል በስልኬ ስመለከት፣ አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አባት ጠጋ ብለው «ምንድን ነው እሱ ልጄ?» አሉኝ። «ሶኮትራ ደሴቶች አጠገብ ደመና እየተሰበሰበ ነው ጋሼ፤ ምናልባት አውሎ ነፋስ ይሆናል» አልኳቸው። «ታዲያ ለእኛ ምናችን ነው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው።

ከመወለዱ በፊት ምን ይታያል?

የሶኮትራ ደሴቶች የየመን ናቸው። ዋናዋ ደሴት ከአፍሪካ ቀንድ ጫፍ በስተምሥራቅ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በዚያ ባሕር ላይ አውሎ ነፋስ የሚነሳው በአብዛኛው ከክረምት በፊትና በኋላ ነው። በክረምቱ መሀል የታችኛውና የላይኛው ነፋስ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚነፍስ፣ የተሰበሰበውን ደመና አናቱን ገፍቶ ይበትነዋል።

ስለዚህ ተመልካቾች ሦስት ነገር ይከታተላሉ። አንደኛ፣ የባሕሩ ውኃ ሙቀት 26.5 ዲግሪ ደርሷል ወይ? ሁለተኛ፣ የላይና የታች ነፋስ ተስማምቷል ወይ? ሦስተኛ፣ ደመናው አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ መዞር ጀምሯል ወይ? ብዙው ደመና እዚህ ሳይደርስ ይበተናል። ነፋሱ በሰዓት 62 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ግን ኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ስም ያወጣለታል። ስሞቹን አስቀድመው የሚያቀርቡት የአካባቢው 13 አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም።

2018 ምን ሆነ?

በዚያ ዓመት ሜይ ላይ «ሳጋር» የተባለው አውሎ ነፋስ ሶማሌላንድ ላይ አርፎ፣ ዝናቡ ጅቡቲንና ምሥራቅ ኢትዮጵያን አጥለቀለቀ። ይሄ ለሁሉም የሚታይ ነበር። የሚብሰው ያልታየው ነው። ሳምንት ሳይሞላ «መኩኑ» ሶኮትራን መትቶ፣ ኦማን ውስጥ ሳላላ አጠገብ ወደ የብስ ገባ። ከዚያ አልፎ ሩብ አልኻሊ በሚባለው ምድረ በዳ፣ በአሸዋው ክምር መሀል ኩሬ ሠራ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ «ሉባን» መጥቶ ያንኑ በረሃ እንደገና አራሰው።

እርጥብ አሸዋና ለምለም ሣር የበረሃ አንበጣ ቤት ነው። አንበጣ በሦስት ወር ገደማ 20 እጥፍ ይባዛል፤ ሦስት ትውልድ ሲሆን 8,000 እጥፍ ማለት ነው። በዚያ በረሃ መንገድ የለም፣ ሰውም የለም፤ ስለዚህ ማንም ሳያየው ተባዛ። ከዚያ ወደ የመን ተሻገረ። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች በወጉ የሚከላከለው አልተገኘም። በ2019 ወደ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገባ።

ቀሪውን ብዙዎቻችን ከዘመድ ስልክ ሰምተነዋል። በወሎ፣ በራያ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌ፣ የደረሰ ጤፍና ማሽላ ላይ ሰማይ የሚያጠቁር መንጋ ወረደ። ገበሬው በጅራፍ፣ በቆርቆሮ፣ በጩኸት ሊያባርረው ሞከረ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ምግብ ይበላል። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ወረራ ነበር።

ሁለተኛው ክትትል

እንግዲህ የ2018 ማዕበሎች ሳይታዩ አልቀሩም። ሳተላይቱ አይቷቸዋል፣ ስም ወጥቶላቸዋል፣ ማስጠንቀቂያ ተነግሯል። ነፋሱ ከሞተ በኋላ በበረሃው ውስጥ የተደረገው ክትትል ግን በቂ አልነበረም፤ የኛ ችግር የጀመረው ደግሞ ያኔ ነው። አውሎ ነፋስ ወደ የብስ በገባ ማግስት ሁለተኛው ክትትል መጀመር አለበት፦ ዝናቡ የት ወረደ? በረሃው የት አረንጓዴ ሆነ? ይህንንም ሳተላይት ያሳያል። ያኔ አንበጣው ገና ክንፍ ሳያወጣ፣ መሬት ላይ እያለ ይደረስበታል።

ለጋሼም ያልኳቸው ይህንን ነው። ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «እንግዲያስ ነገም አሳየኝ» አሉኝ። የዚያን ጊዜው ደመና በሁለተኛው ቀን ተበተነ። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ መከታተሉ ግን ላልተበተነው ነው።