“ባሕሩ ነው ያዞራት” ብዬ ያለፍኩት ምልክት

ሰሞኑን ለምን እንደጠፋሁ ብዙዎቻችሁ በኢንቦክስ ጠይቃችሁኛል። ከቤተሰብ ጋር ጅቡቲ ሄጄ ነበር። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሽርሽሩ ብቻ ሳይሆን እዚያ ስለሠራሁት አንድ ስህተት ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቤታችሁ ውስጥ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አጎቴ ጅቡቲ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ ብዙ ዓመት ኖሯል። “ባሕር ሳታዩ ልታረጁ ነው” እያለ ሲጎተጉተን ከርሞ ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ተሳካልንና ከለቡ በባቡር ሄድን። ጥር እዚያ ጥሩ ወር ነው። በእኛ ክረምት 40 ዲግሪ የሚያልፈው ሙቀት በዚህ ጊዜ ቀለል ይላል። በተጨማሪም አርታ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚታይበት ወቅት ነው። ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስሙ ቢያስፈራም የሚበላው ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን ነው።

ዕቅዳችን እንዲህ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከጅቡቲ ከተማ በሸራ ጀልባ ተነስተን ሙሻ ደሴት ላይ መዋኘት፣ እራታችንን እዚያው መብላት፣ ከዚያ ሌሊቱን የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይዘን ወደ አርታ መጓዝ። ዘጠኝ ነበርን፦ አጎቴ፣ ሚስቱና ሁለት ልጆቻቸው፣ ሁለት የሥራ ጓደኞቹ፣ እናቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት እቴቴ እና እኔ።

እውነቱን ለመናገር የዶክተርነት ኩራቴ ከፍ ብሎ ነበር። የሁሉንም ሰው የሕይወት አድን ጃኬት አንድ በአንድ አየሁ፤ የልጆቹን በትከሻቸው በኩል ወደ ላይ ጎትቼ እንደማይወልቅ አረጋገጥኩ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት አስቀባሁ። ከመነሳታችን አንድ ሰዓት በፊት ደግሞ የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን አደልኩ። እቴቴ “ዶክተር ይዘን ምን እንሆናለን!” እያለች ታስቀን ነበር።

የባሕር ሕመም ለምን ይመጣል?

የሰውነታችንን ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል የሚገኘው በውስጠኛው ጆሯችን ነው። ጀልባው ሲወዛወዝ ጆሮ “እየተንቀሳቀስን ነው” ብሎ ለአንጎል ይናገራል። ዓይን ግን ጀልባው ውስጥ ያለውን ነገር እያየ “ኧረ ቁጭ ብለናል” ይላል። አንጎል በሁለቱ ወሬ ግራ ሲጋባ ማዛጋት፣ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ይከተላል። መኪና ውስጥ ስልክ እያያችሁ ስትሄዱ የሚያቅለሸልሻችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

እነዚህን ምልክቶች ያዙልኝ። መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድካም። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ሌሊቱ

ደሴቱ ላይ የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ በላን። እቴቴ እንደ ሁልጊዜው የስኳር ክኒኗን ከእራት ጋር ዋጠች። የምትወስደው ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ነው። ጀልባው ከደሴቱ ሲወጣ ነፋሱ በረታ፣ ማዕበሉም ከፍ ዝቅ ያደርገን ጀመር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ እቴቴ የበላችውን በሙሉ ሁለት ጊዜ አስታወከች።

ፊቷን ጠረግኩላት፣ ውሃ አጎነጨኋት፣ ጋቢዋን አለበስኳትና “ባሕሩ ነው ያዞረሽ፤ ተኚ፣ ይሻልሻል” አልኳት። መገርጣቷን አይቻለሁ። ማላቧንም አይቻለሁ። ሁሉም የባሕር ሕመም ምልክት ስለሆነ አልደነገጥኩም። ዝም ብላ ስትተኛ ደግሞ የሰጠኋት ክኒን ያስተኛት መሰለኝ፤ መድኃኒቱ እንቅልፍ ያመጣላ!

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ የ11 ዓመቷ የአጎቴ ልጅ ቀሰቀሰችኝ። “እቴቴ ማን ነሽ አለችኝ” አለች፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ስደርስ ልብሷ በላብ ርሷል፣ እጇ ቀዝቅዟል፣ ይንቀጠቀጣል። ስጠራት “ተዪኝ፣ እንጀራው ይረራል” አለችኝ። ያኔ ገባኝ። ክኒኑ ሰውነቷ ውስጥ ሥራውን ቀጥሏል፣ ምግቡ ግን ባሕር ውስጥ ገብቷል። ስኳሯ ወርዷል!

የስኳር መለኪያው የት ነው? አጎቴ ቤት፣ ሶፋው ላይ በተውኩት ቦርሳ ውስጥ። ለዘጠኝ ሰው የፀሐይ ቅባት ይዤ ለአንዷ የስኳር ታማሚ መለኪያ ረስቻለሁ።

ሳልለካ ለማከም ወሰንኩ። ቀና አድርጌ አስቀመጥኳትና መዋጥ መቻሏን በትንሽ ጉንጭታ አየሁ። ከዚያ የልጆቹን ለስላሳ ግማሽ ጠርሙስ ቀስ እያልኩ አጠጣኋት። 15 ደቂቃ ጠበቅን። የዚያን ያህል የረዘመ 15 ደቂቃ አላውቅም። ለውጡ ትንሽ ስለነበር በድጋሚ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ዓይኗን አቅንታ አየችኝና “ምነው ሁላችሁም ከበባችሁኝ?” አለች። እናቴ አለቀሰች። እኔም።

ካፒቴኑ የታጁራ ሰው ነው። ብዙ ሳይጠይቅ ሸራውን አውርዶ ሞተሩን አስነሳና ወደ ከተማው አዞረ። እስኪነጋ ብስኩትና ለስላሳ በየተራ እየሰጠኋት እንዳትተኛ ሳዋራት አደርኩ። ግሊቤንክላማይድ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የወረደ ስኳር ከተስተካከለ በኋላም ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ሆስፒታል ስንደርስም ግሉኮስ ተሰጥቷት እስከ ማግስቱ ክትትል የተደረገላት ለዚህ ነው።

ከእኔ ስህተት ምን ትማራላችሁ?

አብዛኞቻችሁ ባሕር ላይ አትወጡ ይሆናል። ግን የዓባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን በአውቶቡስ የምታልፉ፣ ጣና ላይ በጀልባ የምትሄዱ፣ እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትጓዙ ብዙ ናችሁ። ነገሩ አንድ ነው።

1. የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካስመለሰው ወይም መብላት ካቃተው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። በተለይ ኢንሱሊን እና እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ክኒኖች ይህን ያመጣሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳር የማውረድ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

2. ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መነጫነጭ፣ መዘባረቅ፦ እነዚህን ካያችሁ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል። መለኪያ ከሌለና ከጠረጠራችሁ ግን ስኳር ስጡ፤ መለኪያ ስትፈልጉ ጊዜ አታጥፉ።

3. መጠኑ 15 ግራም ያህል ስኳር ነው። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ (“ዳይት” ያልሆነ)። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙ። ሲሻለው ዳቦ ወይም ብስኩት ስጡት።

4. ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካልቻለ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

5. ከጉዞ በፊት ሐኪማችሁን “ካስመለሰኝ መድኃኒቱን ምን ላድርግ?” ብላችሁ ጠይቁ። ኢንሱሊንን ግን በራሳችሁ ውሳኔ ጨርሶ አታቋርጡ።

6. ለማቅለሽለሽ፦ መሃል ላይ ተቀመጡ፣ ርቆ የሚታየውን አድማስ እዩ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ አልኮል ተዉ። እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ያሉ ክኒኖች የሚጠቅሙት ከመነሳታችሁ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በፊት ስትወስዷቸው ነው። እንቅልፍ ስለሚያመጡ የሚያሽከረክር ሰው አይውሰዳቸው። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ።

7. መለኪያና ስኳር ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ባለ ቦርሳ ይሁኑ። የታማሚው ብቻ ሳይሆን የሁሉም ተጓዥ ጉዳይ ነው። እኛን ያተረፈችን የ11 ዓመት ልጅ ናት።

እቴቴ አሁን ደህና ናት፤ መድኃኒቷም በሐኪሟ ተቀይሮላታል። ትናንት ልጠይቃት ሄጄ ቡና እያፈላች ነበር። “ሻርኩን ሳታሳዪኝ መለስሽኝ አይደል? የከርሞ ሰው ይበለን፣ መለኪያውን እኔው ነኝ የምይዘው” አለችኝ።

የስኳር ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ካወቃችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ በቻልኩት ሁሉ እመልሳለሁ።