ተጨማሪ መረጃ፦ ወንዝ የበላው ኩሽኔታ

ክረምት ላይ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ በጎሊናና በሆርማት ወንዞች በኩል አሸዋና ደለል ወደ ራያ ቆላ ያመጣል። ደለሉ ለገበሬው ሲሳይ ነው፤ ወንዝ አቋርጦ ቆቦ ገበያ ለሚደርስ ባጃጅ ግን የኩሽኔታ ጠላት ነው። ሲሮጥ የቆየ ኩሽኔታ ይግላል። ድንገት ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ባረጀው ማገጃ ጎማ በኩል ውሃና ጭቃ ይስባል። ግራሶው እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶታል ማለት ነው።

መካኒኩ ባጃጁን በክሪክ ያነሳል፤ ጎማውን ላይና ታች ይዞ ያወዛውዛል፤ ከዚያ አሽከርክሮ ያዳምጣል። ከተንገጫገጨ ወይም ካጉረመረመ ኩሽኔታው ይቀየራል። አዲሱ ወደ ቤቱ ሲገባ መመታት ያለበት የውጭው ቀለበት ብቻ ነው፤ ውስጠኛውን መምታት ኳሶቹን መምታት ነው (የቸኮለ ሰው ሁልጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው)። ማገጃ ጎማውም አብሮ ይቀየራል።

ሱቅ ስትሄዱ በቀለበቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያዙ። ለምሳሌ በ6204 ላይ የመጨረሻዎቹ አኃዞች፣ 04፣ በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት ይሰጣሉ፦ 20 ሚሊሜትር። አሮጌው አይጣልም፤ የሰፈር ልጆች ለእንጨት ጋሪያቸው እግር ያደርጉታል።