ለመኪና ሥራ ክፍል የማይጠቅም አለቃ አስቀድሞ ስለ ማወቅ

በአንድ ግዛት ወይም በአንድ እርሻ ትራክተር፤ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወይም ኮምፒዩተር ሲገባ፤ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ስለ ዕቃው ዋጋ ነው። ዕቃውንና ባለሙያዎቹን የሚያዝዘው አለቃ ግን በችኮላ ይመረጣል። መጥፎ ሞተር ቢገዛ የሚጠፋው አንድ ሞተር ነው፤ መጥፎ አለቃ ቢሾም ግን ደኅናው ሞተርም ደኅናው ባለሙያም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ከመሾሙ በፊት በምን እንደሚታወቅ ባጭሩ እንገልጻለን።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነን የታንጋኒካ፤ ማለት የዛሬው ታንዛኒያ፤ የኦቾሎኒ እርሻ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር የዘይትና የቅባት እጥረት ስለ ነበረ፤ መንግሥቱ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1946 መርማሪዎችን ወደ አፍሪካ ላከ። እነርሱም ዘጠኝ ሳምንት ያህል ዞረው፤ 3,210,000 ኤከር መሬት በስድስት ዓመት ውስጥ ሊመነጠር ይችላል ብለው አስታወቁ። ሥራው በ1947 ኮንግዋ በሚባል ስፍራ ተጀመረ። ዳሩ ግን በዚያ ውሃው ጥቂት፤ ዝናሙ የማይታመን፤ አፈሩም በፀሐይ ሲደርቅ እንደ ሸክላ የሚጠነክር ሆኖ ተገኘ። ትራክተሮቹም ብዙዎቹ ከጦርነቱ የተረፉ አሮጌዎች ነበሩ፤ በቂ ጠጋኝና መለዋወጫ ሳይዘጋጅ ወደ ዱር ስለ ገቡ ቶሎ ተሰባበሩ። በ1951 ሥራው ተተወ፤ የጠፋውም ገንዘብ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። በዚያ ሥራ ትጉህና ደፋር ሰው አልታጣም፤ ያነሰው በትንሹ ሳልሞክር በትልቁ አልጀምርም ብሎ የሚጸና አለቃ ነው።

እነሆ ምልክቶቹ፤

አንደኛ፤ ሥራውን ሳያይ ቀን ይቆርጣል። መልካም አለቃ ግን ቀን ከመቁረጡ በፊት ስለ አፈሩ፤ ስለ ውሃውና ስለ ጠጋኙ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፤ ከዚህ ቀደም የተበላሸበትን ሥራ እንዲናገር ቢጠየቅ፤ ወይ ምንም አልተበላሸብኝም ይላል፤ ወይ ጥፋቱን ሁሉ በበታቾቹ ላይ ያደርጋል።

ሦስተኛ፤ ስለሚገዛው አዲስ ዕቃ አብዝቶ ይናገራል፤ ስለ ጥገና፤ ስለ መለዋወጫና ስለ ነዳጅ ግን አያነሣም።

አራተኛ፤ የማያውቀውን አውቃለሁ ይላል። አለቃ ሞተር መፍታት ባይችል ነውር አይደለም፤ የሚችለውን መካኒክ መናቅ ግን ትልቅ ጉዳት ነው።

እነዚህን ለመመርመር የምስክር ወረቀትና ያማረ አነጋገር አይበቃም። ዕጩውን ሞተር ወደ ቆመበት ስፍራ ወስዶ ከመካኒኩ ጋራ ማነጋገር ይገባል። ጠይቆ፤ ሰምቶ፤ የሰማውን በትክክል መልሶ ለሹሙ ካስረዳ መልካም ነው፤ የመካኒኩን ቃል አቋርጦ ትእዛዝ ከጀመረ ግን ጠባዩ በዚያው ታወቀ። ደግሞ ስለ እርሱ የቀድሞ አለቆቹን ብቻ ሳይሆን በእርሱ ሥር የሠሩትን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አለቆቹ የሚያዩት ሪፖርቱን ሲሆን የበታቾቹ የሚያዩት ሥራውን ነውና። በመጨረሻም ሙሉ ክፍሉን ከመስጠት በፊት ጥቂት ዕቃና ጥቂት ሰው ለአንድ የእርሻ ወራት ሰጥቶ መፈተን ይሻላል።

በዘመድ ልመና ወይም በችኮላ የተሾመ አለቃ ሲሳሳት፤ ስሕተቱን የሚያዩት ባለሙያዎች አስቀድመው ያውቁታል፤ ነገር ግን ፈርተው ዝም ይላሉ። የዝምታቸውም ዋጋ የሚታወቀው ዝናም ገብቶ ትራክተሩ በቆመ ቀን ነው።