ሦስት ዲግሪ ቁልቁለት

በክረምት ጠዋት ከኮልፌ ሆኖ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰው ወጨጫን አያገኘውም፤ ደመና ውጦታል። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪም ተራራውም ሆነ ማኮብኮቢያው አይታየውም። የሚመራው በመሣሪያው ነው። ያን ጊዜ ደጋግሞ ራሱን መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ «ማኮብኮቢያው ይህን ያህል ሲቀረኝ ከፍታዬ ስንት መሆን አለበት?»

በመሣሪያ እየተመሩ ሲያርፉ የተለመደው ቁልቁለት ሦስት ዲግሪ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሲጓዙ 52 ሜትር ገደማ ይወርዳሉ። እኛ ኮልፌ ውስጥ በእግራችን ከዚህ የባሰ ቁልቁለት እንወርዳለን። በአብራሪዎች መለኪያ ደግሞ ለአንድ ኖቲካል ማይል 318 ጫማ ነው። ሰልጣኞች በቃላቸው የሚይዙት ስሌት የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ የሚወርዱትን ከፍታ በሺህ ጫማ ቆጥረው በሦስት ሲያባዙ መውረድ የሚጀምሩበትን ርቀት በማይል ያገኛሉ።

የሚወርዱትን ነው፣ ያሉበትን አይደለም። የቦሌ ማኮብኮቢያ ራሱ ከባሕር ወለል 7,600 ጫማ ገደማ ከፍ ያለ ነው። በ37,000 ጫማ የሚመጣ አውሮፕላን የሚወርደው 29,400 ነውና 88 ማይል፣ ማለትም 163 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ይጀምራል። ከሰሜን ምዕራብ ለሚመጣ ይህ ዓባይ ሸለቆ አካባቢ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም የመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 343 መውረድ ሳይጀምር በዚያው ከፍታ ቦሌን አልፎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን እንደ አዲስ ማበጀት ነበረበት፤ ዞሮ በሰላም አረፈ።

ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ወገን መጥተው ያርፋሉ። አሥር ማይል ሲቀራቸው በቁልቁለቱ ላይ የሚኖራቸው ከፍታ 10,800 ጫማ ያህል ነው፤ በሜትር 3,290 ገደማ። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በትክክለኛው ቁልቁለት ላይ ያለ አውሮፕላን እንኳ ከተራራው ጫፍ በታች ነው ማለት ነው። መስመሩን ሳይለቅ መብረሩ ከፍታውን ከመጠበቁ እኩል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላው የአየሩ መሳሳት ነው። የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት ሲያሳይ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነበት ቀን ቦሌ ላይ እውነተኛው ፍጥነት 162 ያህል ይሆናል። በሦስት ዲግሪ ለመውረድ ፍጥነቱ በአምስት ይባዛል። ስለዚህ በባሕር ወለል አቅራቢያ በደቂቃ 700 ጫማ ሲበቃ፣ እዚህ 810 ያስፈልጋል። ዝቅ ባለ አገር የለመደውን 700 ይዞ የሚመጣ ሰው ከቁልቁለቱ በላይ ይቀራል፤ ከዚያ ለመድረስ ሲል ይቸኩላል። አደገኛው ይህ ችኮላ ነው።

ቁልቁለቱን የሚያሳየው የሬዲዮ ጨረር በማይሠራበት ጊዜ ድሮ እንደ ደረጃ እየዘለሉ መውረድ የተለመደ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጉዋም ደሴት ላይ ጨረሩ ለጥገና ተዘግቶ ሳለ፣ የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 801 ከተወሰነለት ደረጃ በታች ወርዶ ኮረብታ መታ። ከ254 ሰዎች 228ቱ ሞቱ። ዛሬ የሚመከረው ጨረር ባይኖርም ሳያቋርጡ በአንድ ቁልቁለት መውረድ፣ በየማይሉም ከፍታን ከርቀት ጋር ማመሳከር ነው።

ሰልጣኝ እህቴ፣ ሰልጣኝ ወንድሜ፦ ከመነሳታችሁ በፊት የየማይሉን ከፍታ በእጃችሁ ጻፉት፤ የቦሌን 7,600 መደመራችሁንም አረጋግጡ።