የጨፋ በሮች

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚጓዝ ሰው ጨፋ በከሚሴ ዙሪያ ከመኪና መስኮት የሚታይ ሰፊ አረንጓዴ ሜዳ ነው፤ ቦርከና ወደ አዋሽ ሲወርድ ረግቶ የሚተኛበት። ስሙ ግን ከመልኩ በላይ ይናገራል። በኦሮምኛ ጨፌ ሣር የማይጠፋበት እርጥብ መስክ ነው። በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚወጣበት ጉባኤም ጨፌ ይባላል፤ የዛሬው የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት መጠሪያውን የወሰደው ከዚያው ነው። ከብት የሚሰማራበትና ሰው የሚመክርበት ቦታ በአንድ ቃል መጠራታቸው የሸለቆውን ጎሳዎች ለመረዳት ጥሩ መነሻ ነው። ጎሳ ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ደም ቆጠራ እንሄዳለን፤ እገሌ የእገሌ ልጅ እያልን እስከ ሰባት ቤት። በጨፋ ግን ጎሳ ከሁሉ በፊት የሣርና የውሃ ውል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን ለማን እንደሚዋስ፣ ማን ስለ ማን እንደሚጠየቅ የሚወስን ውል።

የደም ቆጠራው ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም። በጋሞ ይኖሩ የነበሩት መነኩሴ አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. ስለ ኦሮሞ በግዕዝ በጻፉት አጭር ድርሳን ከከረዩ ልጆች መካከል ወሎንና ጂሌን ይጠቅሳሉ። ከጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ስም የአንድ ትልቅ ክፍለ ሀገር መጠሪያ ሆኖ ነበር፤ ሁለተኛው ከጥሙጋ ጋር ተጣምሮ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የወረዳ ስም ሆኗል፤ ከዚህ ርቆ በሸዋ ኦሮሞ ዘንድም ጂሌ የሚባል ጎሳ አለ። እንዲህ ያለ ስም እንዲሁ አይዘልቅም፤ ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበለ ያቆየው ሰው አለ። ሆኖም ከአንድ አባት የተወለዱ ልጆች ብቻቸውን ይህን ሁሉ አገር አይሞሉትም። ብዙውን የሞላው ሞጋሳ ነው። በሞጋሳ ጎሳው ሌላ ትውልድ ያለውን ሰው፣ አንዳንዴም መንደሩን በሙሉ፣ በመሐላ ተቀብሎ ስሙን ይሰጠዋል፤ የገባውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎሳውን ከብት ይጠብቃል፣ ጎሳውም ለእሱ ይቆማል። ልጅን ተቀብሎ የማሳደጉ ደንብ ደግሞ ጉዲፈቻ ነው፤ አማርኛ ቃሉን ከኦሮምኛ ወስዶ የቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ አስገብቶታል። የጎሳ ቅርንጫፍ በኦሮምኛ በልበላ ይባላል፤ ትርጉሙ በር ነው።

በሩ ግን ሁሉን እኩል አላስገባም። የተሸነፈው ነባር ሕዝብ ገባሮ እየተባለ ለገዢው ጎሳ ሲያርስና ሲገብር የኖረበት ዘመን ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። ሞጋሳን የፍቅር ጉባኤ ብቻ አድርጎ መሳል ገባሮው የከፈለውን መርሳት ነው። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ፣ ግን የጠነከረ ነገር ነው፦ በደል ባለበትም ቢሆን ማንነት በውል ይለወጥ ነበር። የዛሬው ጂሌ ወይም ሌላው የሸለቆው ጎሳ፣ የዛሬው አርጡማ፣ የትናንት ገባሮም፣ የትናንት ጌታም የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ጎሳ የሣርና የውሃ ውል ነው ለማለቴ አንዱ ማስረጃ የጎረቤቶቹ ልዩነት ነው። ከሜዳው በላይ በተራራ አናት ላይ በድንጋይ ቤቶች የተገነባችው ሾንኬ የአርጎባ መንደር ናት፤ የነዋሪዎቿን አነጋገር የቋንቋ ምሁራን ለብቻው ያጠኑታል። በምሥራቅ ያለው አፋር አብሱማ በሚለው ደንብ ከአክስቱ ልጅ ጋር ይጋባል። ኦሮሞው በወጉ ከጎሳው ውጭ ያገባል። አንዱ ጋብቻን ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ የሚመራ ከሆነ እነዚህን ሕዝቦች በአንድ ሸለቆ ያኖራቸው ዝምድና ብቻ ሊሆን አይችልም። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋሩ ግመልና ከብት ወደ ጨፋ ይመጣል፤ የኦሮሞው፣ የአርጎባውና የአማራውም እዚያው ነው። የባቲ ሰኞ ገበያና የሰንበቴ እሑድ ገበያ የቆላውን ቅቤና ከብት ከደጋው እህል ጋር ያገናኛሉ። ማሽላ ዘሪው አዝመራውን ሳይሰበስብ ከብት ቢገባበት ጠብ ነው፤ ከሰበሰበ በኋላ ግን አገዳው መኖ፣ የከብቱ ፋንድያም ማዳበሪያ ነው። ለዚህ ሁሉ የቀን ቀጠሮና የታወቀ ዋስ ያስፈልጋል፤ ዋሱን የሚሰጠው ጎሳ ነው።

ደም ሲፈስ ደግሞ ውሉ ይበልጥ ይታያል። ጉማ የሚባለው የደም ካሳ ከገዳዩ ኪስ ብቻ አይወጣም፤ ዘመዱ ያዋጣል። ተመራማሪዋ መሮን ዘለቀ በዚሁ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያጠናችው የሸኮች ችሎት ሃይማኖትንና ባህልን አንድ ላይ አቁሞ ጠብ ያበርዳል። ንጹሑ ዘመድ ለአጥፊው መክፈሉ ከዘመናዊ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ አውቃለሁ፤ ቅሬታው ተገቢ ነው። ሴቶች በአብዛኛው ከሽምግልናው ወንበር ርቀው መኖራቸውም የሥርዓቱ ጉድለት ነው። ግን ሁሉም የሚከፍል ከሆነ ሁሉም ልጁን ይመክራል፤ ዳር ድንበሩ ላይ ፖሊስ ብርቅ በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ጎሳ ይህን ያህል ሰላም የሚያወርድ ከሆነ በ2013 ዓ.ም. በጎረቤት ከተማ በአጣዬና በአካባቢው በተነሳው ግጭት ያ ሁሉ ሰው ለምን ሞተ፣ ለምን ተፈናቀለ? ይህን ጥያቄ የማይፈራ ሰው ስለ ሸለቆው መጻፍ የለበትም። መልሴ የሚነሳው ከሰሜን ሕንድ ነው። በሐርያና ጃት የሚባሉት ገበሬዎች ጎትራ በሚሉት ጎሳ ይደራጃሉ፤ የጎሳ መንደሮች ጉባኤ ካፕ ይባላል። በ1881 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አስተዳደር ያኔ ሐርያናን ይጨምር በነበረው ፑንጃብ ሕዝብ ሲቆጥር የቆጠራው ኃላፊ ዴንዚል ኢቤትሰን ራሱ የወገን ክፍፍል ከደም ይልቅ ከሥራና ከኑሮ እንደሚመነጭ ተከራክሯል፤ መዝገቡ ግን ሰውን በየሳጥኑ አስገብቶ አለፈ። ካፖቹ በ2020 እ.ኤ.አ. ለገበሬዎች ሰልፍ ስንቅና ሰው ሲያዋጡ ታይተዋል። በጋብቻ ጉዳይ ደግሞ ወጣቶችን በማስፈራራታቸው የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. እጃቸውን እንዲሰበስቡ ወስኗል። አንዱ ተቋም ሁለቱንም ሠራ፤ ልዩነቱ የጋራ ሥራ ሲይዝና በሰው አካል ላይ ሲያዝ ያለው ነው። በጨፋም በጎሳ ስም የሚጠራ ሰው ሁሉ የጎሳን ውል ይዞ አልተነሳም። የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በዞኑ ከ450 ሺህ በላይ ሰው መዝግቧል፤ ቅጹ የሚጠይቀው ብሔረሰብን ነው፣ በልበላን አይደለም። ሥልጣን፣ በጀትና ወሰን በዚያ ሳጥን ሲታደሉ፣ በሩ ወደ አጥር ሊለወጥ ቀርቧል።

ለዚህ ነው ስለ መሬት ደብተር የምጨነቀው። በአማራ ክልል የገጠር ይዞታ ሲመዘገብ የገበሬውና የሚስቱ ስም፣ የማሳው ስፋትና አዋሳኞቹ ይጻፋሉ፤ ለሴቶች መብት ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን በጥር ከአፋር ወጥቶ ቦርከና ዳር የሚሰማራው እንግዳ በየትኛው ገጽ ይሰፍራል? በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ የሚበከለው፣ በመስኖና በእርሻ መስፋፋት የሚጠበው ረግረግ እያነሰ ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰረዘው የእሱ ድርሻ ነው። ደብተሩ ላይ የወል መሬት የሚል መስመር ካለ፣ ከጎኑ የበጋ ተጋሪዎቹን ጎሳዎችና ስለ እነሱ የሚጠየቁትን ሽማግሌዎች ስም መጨመር ብዙ ቀለም አይፈጅም።