ጳጉሜን ስድስት የተወለደችው ልጄ

የ2015 ክረምት ነው። ልጄን መዋዕለ ሕፃናት ላስመዘግብ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ኮምፒውተሯን አይታ፣ «ይቅርታ አባቷ፣ ዘንድሮ የምንቀበለው በ2011 የተወለዱትን ነው። ልጅዎ የ2012 ናት፤ ለከርሞ ያምጧት» አለችኝ።

የልደት ወረቀቷ ላይ ያለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2019 ነው። ኮምፒውተሩ ይህን ወደ እኛ ሲቀይረው «መስከረም 1 ቀን 2012» ይላል።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። «በእንቁጣጣሽ ዋዜማ አይደል እንዴ የተወለደችው? የዶሮውን ሽንኩርት ሳልጨርስ አይደል ሆስፒታል የሮጥኩት? ጳጉሜን ስድስት ነው!» አለች።

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። በ2014 ቀን የሚቀይር ላይብረሪ ሠርቼ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራመሮች ወስደው የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ ጽፌ፣ በነፃ ለቅቄ ነበር። ጠርጥሬ ያንን ቀን አስገባሁበት። መስከረም 1 አለኝ። የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም ለሠራው ልጅ ደወልኩ። «ያንተን እኮ ነው የተጠቀምኩት» አለኝ።

ስህተቱ የኔ ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚኖረው ለአራት በሚካፈል ዓመት ስለሆነ፣ ጳጉሜንም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። 2011 ለአራት ሲካፈል ግን 3 ይተርፋል። ኮዱ ጳጉሜንን በአምስት ዘግቶ ልጄን ወደ አዲሱ ዓመት አሻገራት። በአንድ ቀን ስህተት አንድ ዓመት ልታጣ ነበር። ስሞክረው የተጠቀምኩት የ2013 እና የ2014 ቀኖችን ብቻ ስለነበር ሁሉም ትክክል ወጥቶልኛል።

ለእናቴ ሳስረዳት ሳቀች። «ልጄ፣ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ነው። ይህ ኮምፒውተር ይፈልጋል?» እውነቷን ነው። በ2011 ላይ 5500 ደምረን ለአራት ብናካፍል 3 ይተርፋል፤ 3 ደግሞ ዘመነ ሉቃስ ነው።

ያን ሌሊት ኮዱን አረምኩ። በአራቱም ወንጌላውያን ዘመን ጳጉሜን 5ን፣ ጳጉሜን 6ን እና መስከረም 1ን ፈተንኩ። የዓድዋንም ቀን ጨመርኩ። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ በ1888 ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለሉ አንድ ቀን ተገፋ። ይህንንም አለፈ።

በሳምንቱ መዝገቡ ተስተካክሎ ልጄ ገባች።

ወላጆችና አያቶች፣ የልጆቻችሁን ልደት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ አስቀምጡ። በተለይ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ለተወለዱት፣ ኮምፒውተር ያወጣውን ቀን ከራሳችሁ ጋር ሳታመሳክሩ አትፈርሙ።

ጳጉሜን ስድስት ተመልሳ የምትመጣው በ2019 ነው። የዚያን ዕለት ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔ ነኝ።